የልውውጡ ልጅ

ታዎንጋ ከማላዊ፣ ምዙዙ ከምትባል ከተማ፣ አዲስ አበባ ድረስ የመጣው ዕፅዋት ሊያጠና ነው። በተማሪ ልውውጥ ለአንድ ዓመት ተቀብለውት፣ የመጀመሪያዎቹን አራት ወራት ዶርም ውስጥ አሳለፈ። ያኔ ችግሩ የማንኛውም እንግዳ ተማሪ ችግር ነበር። የአገሬው ሰዓት እየተዛባበት ክፍል ያመልጠዋል። ዓመቱ አሥራ ሦስት ወር አለው ሲሉት የሚያሾፉበት ይመስለዋል። ሽሮ አሥር ቀን በተከታታይ ሲቀርብለት ዓይኑ እንባ ያቀርራል። እነዚህን ሁሉ ቀስ በቀስ ለመዳቸው። አማርኛውም እየተንገዳገደ መሄድ ጀመረ።

በየካቲት መጀመሪያ የልውውጥ ቢሮው፣ ቀሪውን ጊዜ ከቤተሰብ ጋር ኑር ብሎ ቀጨኔ፣ ወይዘሮ ደሳለች ቤት አስገባው። ችግሩ መልኩን የለወጠው ከዚያ ወዲህ ነው።

ቤቱ ያለው ቁልቁለት ላይ ነው፤ መንገዱ ሰውን ከኋላ ገፍቶ ደጃፉ ላይ ይጥለዋል። ወይዘሮ ደሳለች ሻንጣውን ተቀብለው አስቀመጡና፣ ሁለት እጁን ይዘው ዓይን ዓይኑን እያዩ ነገሩን አስረዱት። ወንድ ልጃቸው አክሊል የምህንድስና ተማሪ ነው። እሱም እንዲሁ በልውውጥ መስከረም ላይ ፖላንድ ሄዷል። የሄደ ዕለት እሳቸው ከኤርፖርት ሲመለሱ በቀጥታ ቢሮው ገብተው ተመዘገቡ። እዚያ የኔን ልጅ የሚያበላልኝ ሰው ካለ፣ እኔም እዚህ የሰው ልጅ ላብላ ብለው። እንግዳ እስኪልኩላቸው ድረስ አምስት ወር ጠበቁ።

«ስለዚህ እትዬ አትበለኝ» አሉት። «እማዬ በለኝ። እሱም እዚያ አንዷን እማዬ ይላት ይሆናል።»

ታዎንጋ ነገሩ ደስ አለው። ያደረው አክሊል ክፍል ውስጥ፣ በአክሊል አልጋ ላይ ነው። የአክሊል ጃኬት ልክ ሆነለት። የግቢው ውሻ ለማያውቀው ሰው ሁሉ ሰንሰለቱን እስኪበጥስ የሚጮህ ሲሆን፣ ለታዎንጋ ግን የመጀመሪያውን ቀን እንኳ አልጮኸም፤ ጫማውን አሽትቶ እግሩ ሥር ተኛ። የአክሊል እህት ናዝሬት ይህን ስታይ እንደ መሳቅ ብላ ነበር፤ ሳቁ ግን መሀል ላይ ቀረ።

የሰፈሩ ሰው ሁኔታ ግን አልገባውም። ጠዋት ጠዋት ወደ ጉለሌ የእጽዋት ማዕከል ሲሄድ ዳገቱን ይወጣል። እስኪጠጋቸው ሲያወሩ የነበሩ ሴቶች ዝም ይላሉ። ካለፋቸው በኋላ ከኋላው አንድ ድምፅ ይሰማል፤ በከንፈር የሚሠራ፣ እንደ ውሃ ጠብታ ያለ። አንዷ ጋ ይጀምርና ሌላዋ ጋ ይደርሳል። ዳገቱን ጨርሶ አስፋልቱ ላይ እስኪወጣ ድረስ ያ ጠብታ ከደጅ ወደ ደጅ ይከተለዋል። አንድ ቀን ናዝሬትን፣ የሰፈሩ ሴቶች ለምንድን ነው ከኋላዬ የሚስሙኝ ብሎ ጠየቃት።

ናዝሬት በሳቅ ልትፈነዳ ደረሰች። «ማን አንተን ይስምሃል፤ መልክህን በመስታወት አይተኸዋል?» አለችው። ቀጥላ ግን ፊቷን አዞረች። ከንፈር መምጠጥ ይባላል፤ ሰው ሲያሳዝን ነው የሚደረገው፤ እንግዳ ስለሆንክ ነው ብላ ገባች። ታዎንጋ እዚያው ቆሞ ቀረ። ምኑ እንደሚያሳዝን ራሱን ቢጠይቅ ምንም አላገኘም።

ወይዘሮ ደሳለች ገበታ ላይ ሁለት ሁለት ጊዜ ያጎርሱታል። የመጀመሪያውን ሲያጎርሱ «ይቺ ላንተ» ይላሉ። ሁለተኛውን ሲያጎርሱ «ይቺ ደግሞ ለሱ።» ታዎንጋ በላይ በላዩ እየዋጠ ይስቃል። ሁዳዴ ገብቶ እሳቸው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሲጾሙም ለሱ ምሳውን በሰዓቱ ያቀርቡለታል፤ አጠገቡ ተቀምጠው ሲያላምጥ ያዩታል። መንጋጋው ቆም ካለ እሳቸውም ትንፋሻቸውን ይይዛሉ።

ሦስተኛው ሳምንት ላይ ሆዱን አመመውና ተኛ። ወይዘሮ ደሳለች ግንባሩን ዳሰሱት፤ ፊታቸው አመድ መሰለ። ወዲያው ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ መድኃኔ ዓለም ሮጡ፤ ጠበል ይዘው መጡ። ታዎንጋ ፕሮቴስታንት ነው፤ ግን እምቢ የሚያሰኝ ፊት አልነበረምና ጠጣ። በማግሥቱ ሻል ብሎት ከመኝታው ሲነሣ፣ ወይዘሮ ደሳለች ደጅ ላይ ለጎረቤት ሲናገሩ ሰማ። አክሊሌን ትናንት አሞት ነበር፤ ዛሬ እግዚአብሔር ይመስገን ምግብ ቀምሷል አሏት። ከጎረቤቲቱ ከንፈር ያ ጠብታ ብቻ ተሰማ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ታዎንጋ ጠዋት ላይ እግሩ እየበረደው ይነቃ ጀመር። ሌላው ሰውነቱ ይሞቀዋል፤ ከቁርጭምጭሚቱ በታች ግን የሌላ ሰው እግር ይመስል ቀዝቃዛ ነው። ቀጨኔ ብርድ ነው፣ እንጦጦ ሥር ነው ብሎ ሁለት ካልሲ ደረበ። ሕልሙም አንድ ዓይነት ሆነ፤ ዛፍ የሌለበት፣ ድንጋይ የሌለበት፣ ነጭ ሜዳ። በሕይወቱ በረዶ የሸፈነው አገር አይቶ አያውቅም።

እግሩ ቀዝቅዞ በነቃ ቁጥር በመስኮቱ የሚያየው ነገርም አንድ ነበር። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ገና ሳይነጋጋ፣ ወይዘሮ ደሳለች ግቢው መሀል በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ተከናንበው ፊታቸውን ወደ ቆርቆሮው በር አዙረዋል። ኪዳን የሚሄድ ሰው ኮቴ በመንገዱ ሲመጣ፣ ከበርጩማው ከፍ ይላሉ፤ ሳይቆሙ፣ ሳይቀመጡም። ኮቴው ሲያልፍ መልሰው ቁጭ። ፀሐይ ጣሪያውን ስትነካ በርጩማውን አንሥተው ይገባሉ። ናዝሬትን ሲጠይቃት ይጸልያሉ አለችው። ከንፈራቸው ግን አይንቀሳቀስም። የሚያዳምጥ ሰው ናቸው እንጂ የሚጸልይ ሰው አይደሉም።

አንድ ቅዳሜ ናዝሬት ሽሮ ሜዳ ካለው የነጠላና የጋቢ ሱቋ ስትመለስ ሚኒባስ ውስጥ ተገናኙ። ጎን ለጎን ተቀመጡ። ናዝሬት ደክሟት ነበር፤ ከቦርሳዋ እሱ አይቶት የማያውቅ አሮጌ ስልክ አውጥታ መጻፍ ጀመረች። ታዎንጋ ፊደል ማንበብ ስለሚለማመድ ያገኘውን ሁሉ ያነባል፤ የታክሲ ታርጋም ቢሆን። ይህንንም አነበበ። «እማዬ ደህና ነኝ። ፈተና በዝቶብኝ ነው። ብርዱ ቀንሷል።» ቤት ሲደርሱ ወይዘሮ ደሳለች ስልካቸውን ይዘው ደጃፉ ላይ ቆመው ጠበቁት። ዓይኔ ደክሟል፣ ልጄ ምን እንዳለ አንብብልኝ አሉት። ያነበበላቸው ሚኒባስ ውስጥ ያነበበውን ነው። ቃል በቃል አነበበላቸው፤ ድምፁ መሀል ላይ ሲሰበር፣ አማርኛው ከብዶት ነው ብለው ጀርባውን መታ መታ አደረጉት።

ናዝሬት ወደ ጓሮ ጎተተችውና ሁሉንም ነገረችው። ጥር መጨረሻ ላይ አክሊል ከመኖሪያው ወደ ከተማው ሲያቋርጥ በረዶ የሆነ ሐይቅ ላይ ሄደ። በረዶው ከዳው። ቦርሳውንና ኮፍያውን አገኙ፤ እሱን ግን ውሃው ሥር አስቀረው፤ አላገኙትም። ይህን የሚናገረው ደብዳቤ የመጣው ለሷ ነው። ለዕድሩ ዳኛ ለጋሽ ፀሐዬ ነገረች፤ የሰፈሩ ትላልቅ ሰዎች ተሰብስበው መከሩ። ሬሳው ሳይገኝ፣ ሁዳዴ ሳይወጣ፣ ለዚህች የልብ ሕመምተኛ ሴት መርዶ አይነገርም ብለው ቆረጡ። እስከዚያ አንቺ እያጽናናሽ አቆዪያት አሏት። እሷም የምታጽናናበት ሌላ መንገድ ስላላወቀች መጻፍ ጀመረች።

ታዎንጋ፣ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል? ብሎ ጠየቃት።

«ከሷ በቀር» አለች ናዝሬት። «አሁን ደግሞ አንተም። እባክህ ታዎንጋ፣ በቃ፣ ሁለት ወር እንኳ አይሞላም። ፋሲካ ይለፍ። እዚህ አገር መርዶ በዘፈቀደ አይነገርም። ሽማግሌዎች ጋቢ ለብሰው፣ ሊነጋጋ ሲል መጥተው ነው የሚያንኳኩት። በሌላ ሰው አፍ፣ በሌላ ሰዓት ከሰማች ትሞትብኛለች።»

ታዎንጋ ማለ። የማለው በእናቱ ስም ነው። ከዚያ ወዲህ የሚኖረው በዚያ መሐላ ላይ ሆነ።

ቀላል መስሎት ነበር፤ ዝም ማለት ብቻ። ወይዘሮ ደሳለች ግን ዝምታውን አልተውለትም። ተማሪ ፈተና ሲበዛበት እናቱ ጋ መደወል ይረሳል? ይሉታል። ይረሳል ይላል። አንተስ ትረሳለህ? እረሳለሁ። መጀመሪያ የሰው አገር አልጋ ላይ ስትተኛ አለቀስክ? አዎ፣ ሁለት ቀን። ከዚያስ ለመድክ? ለመድኩ። እሳቸው ይህን ሲሰሙ ትከሻቸው ይረግባል፤ የጠየቁት እሱን፣ የመለሰላቸው ሌላው ነው። ታዎንጋ ስለ ራሱ እውነት በተናገረ ቁጥር ስለ አክሊል ይዋሻል። የሱ መልመድ እዚያ፣ ውሃው ሥር ያለውን ልጅ አንድ ቀን ጨምሮ ያኖረዋል።

እሳቸው ፊት እናቱን ማነጋገር ነውር ሆኖ ተሰማው። በየእሑዱ የሚደውለውን ስልክ አንድ እሑድ ዘለለ። ሌላም ዘለለ። ሦስተኛው ላይ መልእክት ብቻ ላከ፤ ደህና ነኝ፣ ፈተና በዝቶብኝ ነው ብሎ። ከላከው በኋላ ቃሉ የማን እንደሆነ ትዝ አለውና ስልኩን አልጋው ላይ ጣለው። በማግሥቱ የእናቱ መልስ መጣ። ልጄ ምነው ጠፋህ፣ ትናንት በሕልሜ ውሃ ውስጥ ቆመህ አየሁህ ይላል።

የዚያን ዕለት ማታ ወደ ዶርም ልመለስ ነው ብሎ ለወይዘሮ ደሳለች ነገራቸው። ለጥናት ይመቸኛል አለ፣ ላይብረሪው ቅርብ ነው አለ። እሳቸው ሽሮውን ማማሰል አላቋረጡም።

«አንተ ከዚህ ቤት ከወጣህ» አሉ ቀስ ብለው፣ «እሱን እዚያ ማን ያቆይልኛል?»

ታዎንጋ ሻንጣውን መልሶ አልጋው ሥር ከተተ።

በመጋቢት መጨረሻ መምህሩ ዶክተር ሶሬሳ ቅጠልና አበባ ለመሰብሰብ ወደ አንኮበር ይዞት ሄደ። ታዎንጋ ለአራት ቀን ከዚያ ቤት በመራቁ እግሩ ሞቀው፤ ሕልምም አላየም። ተራራው ላይ አክሊል የሚባል ሰው አልነበረም። ሲመለሱ ማታ አንድ ሰዓት ላይ መድረስ ነበረባቸው፤ ሸኖ ላይ ጎማ ፈነዳባቸው። ተጠባባቂውም ጎማ የተነፈሰ ሆኖ ተገኘ። ጎሚስታው ዘግቶ ሄዷል፤ እስኪገኝ ድረስ መኪናው ውስጥ ተጠጋግተው ቆዩ። የሸኖን ብርድ ያየ ያውቀዋል፤ ሾፌሩ ጀቤሳ ከአንድ ሻይ ቤት ሦስት ጋቢ ለምኖ አመጣ፣ በመልስ ጉዞዬ አደርስልሻለሁ ብሎ። የታዎንጋ ስልክ ባትሪ ጨርሶ ነበር። ጎማው ተሠርቶ ቀጨኔ ሲደርሱ ሰማዩ ገና ግራጫ ነው።

መኪናዋ ቁልቁለቱን ስለማትደፍረው ከላይ አቆሟትና በእግር ወረዱ። ቅጠሎቹ የታሠሩባቸውን የእንጨት ማተሚያዎች ተከፋፍለው ያዙ። ታዎንጋ ከኋላ ነበር። ማሰሪያው ተፈቶበት ጎንበስ ብሎ ሲያጠብቅ፣ ከፊት ጀቤሳ ለመርዳት ብሎ ወደ ደጁ ቀደም አለ። ታዎንጋ ቀና ሲል ያየው ጋቢ የለበሱ ሁለት ሰዎችን ነው፤ ሽበታሙ ዶክተር ሶሬሳ መሀል ላይ፣ ጀቤሳ በሩ ላይ። ራሱንም አየ፤ ጋቢ ለብሷል። ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ሆኗል። አፉን ሲከፍት ጀቤሳ አንኳኳ። እንደ ደከመው ሰው፣ ቀስ አድርጎ፣ ሦስት ጊዜ።

ከውስጥ ምንም አልተሰማም። ታዎንጋ ግን ያውቃል፤ ወይዘሮ ደሳለች ከቆርቆሮው በስተጀርባ፣ አምስት እርምጃ ርቀት ላይ ተቀምጠዋል። ውሻው እንኳ አልጮኸም። ጀቤሳ ሊደግም እጁን ሲያነሣ ታዎንጋ ክንዱን ያዘው። ያኔ መወርወሪያው ተንቀሳቀሰ። በጣም ቀስ ብሎ ተሳበ። በሩ ተከፈተ።

ወይዘሮ ደሳለች ሦስቱንም በየተራ አዩ። ፊታቸው ላይ ድንጋጤ የለም፤ ረጅም መንገድ ተጉዞ የደረሰ ሰው ፊት ነው።

«ግቡ» አሉ።

ዶክተር ሶሬሳ የአገሬው ሰው ነውና ወዲያው ገባው። ትከሻው ላይ ያለውን ጋቢ አየ፤ ያቃጠለው ይመስል ገፎ በእጁ ጠቀለለው። «እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ። «ልጁን ልናደርስ ነው የመጣነው። ጎማ ፈንድቶብን ነው።»

«ጎማ» አሉ ወይዘሮ ደሳለች። ቃሉን አፋቸው ውስጥ አገላበጡት። እጃቸውን መቃኑ ላይ አሳርፈው ጥቂት ተነፈሱ። ከዚያም ለማንም ሳይሆን፣ ሁለት ወር ሙሉ እዚህ የተቀመጥኩት ቢያንኳኩ አልከፍትም ብዬ ነበር፤ ካልከፈትኩ አይነግሩኝም፣ ካልነገሩኝ አልሆነም ብዬ፤ እግሬ ግን ሳልነግረው ተነሥቶ ከፈተ አሉ።

ናዝሬት ከክፍሏ በባዶ እግሯ ወጣች። ጋቢዎቹን አይታ ግድግዳውን ተደገፈች። ወይዘሮ ደሳለች ነጠላቸውን አስተካክለው ከደጁ ሲወጡ፣ ወዴት ነው እማዬ ብላ ተከተለቻቸው።

«አንቺ እዚሁ ሁኚ» አሉ ሳይዞሩ። «የምትጽፊውን ጽፈሽ ጨርሰሻል። ልጄን እኔ ነኝ ያሳደግሁት፤ ብርዱ ቀንሷል የሚል ልጅ አይደለም። ሲያማርር ነው ያደገው።» ከዚያም የታዎንጋን ክንድ ያዙ። «ና፣ ደግፈኝ። ዳገት ነው።»

ዶክተሩንና ሾፌሩን ቅጠሎቹን እንደታቀፉ ደጅ ላይ ትተዋቸው ዳገቱን ወጡ። ከመድኃኔ ዓለም የኪዳን ድምፅ ይመጣል። የወይዘሮ ደሳለች እጅ ሞቃት ነው፤ ደጋፊው እሱ ሳይሆን እሳቸው ናቸው። ጋሽ ፀሐዬ በር ላይ ሲደርሱ ያንኳኩት እሳቸው ራሳቸው ናቸው።

ጋሽ ፀሐዬ ጋቢያቸውን ደርበው ከፈቱ። ሠላሳ ዓመት የዕድር ዳኛ ሆነው የስንቱን ደጅ በዚህ ሰዓት አንኳኩተዋል፤ የሳቸው በር ግን በዚህ ሰዓት ተንኳኩቶ አያውቅም። ደሳለችን ሲያዩ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሄዱ።

«እናንተ መምጣት ስትፈሩ እኔ መጣሁ» አሏቸው ወይዘሮ ደሳለች።

«ደሳለች፣ እስኪ ግቢ። እኛኮ ሁዳዴ ይውጣ ብለን እንጂ…» ጋሽ ፀሐዬ የተናገሩትን ራሳቸው ሰምተው ቆሙ። እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ቀጥለው ሥርዓት አለው ይሉ ጀመር፤ ለብቻ አይነገርም፣ በሰው ደጅ አይነገርም፣ ሬሳ ሳይገኝም እንዴት ተብሎ። ሽማግሌው መሬት መሬቱን እያዩ ያወራሉ፤ አንዲቷን ቃል ግን በዙሪያዋ ይዞሯታል እንጂ አይነኳትም። ባለቤታቸው ከኋላ መጥታ ስታይ ከንፈሯን መጠጠች። ያ ጠብታ።

«ይሄው ነው» አሉ ወይዘሮ ደሳለች። «ሁሉም ይመጥጣል፤ የሚናገር ግን የለም።»

ወደ ታዎንጋ ዞሩ። ታዎንጋ መሐላውን አሰበ። ከመሐላው ይልቅ ያስፈራው ሌላ ነው፤ እስካሁን ያንን ልጅ በመብላቱና በመተኛቱ ያቆየው እሱ ነው፤ አሁን አፉን ከከፈተ ደግሞ የሚገድለው እሱ ነው። እናቱ በሕልሟ ያየችው ውሃ ወደ ቁርጭምጭሚቱ የመጣ መሰለው።

«አንተ ንገረኝ» አሉት። «በኔ ቋንቋ አይደለም። በኔ ቋንቋ ከሰማሁት እዚሁ ወድቄ እቀራለሁ። እናትህ ባስተማረችህ ንገረኝ።»

ታዎንጋ ጋሽ ፀሐዬን አየ። ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ።

አያቱ በሞቱ ጊዜ አጎቶቹ ለአባቱ እንዴት እንደነገሩት ያስታውሳል። ቁጭ ብለው ነበር። ታዎንጋም ደጃፉ ላይ፣ ድንጋዩ ላይ፣ በወይዘሮ ደሳለች እግር ሥር ቁጭ አለና በእናቱ ቋንቋ፣ በቱምቡካ ነገራቸው። ስለ ሐይቁ ነገራቸው፤ ስለ ኮፍያው ነገራቸው፤ መጨረሻ ላይ ያቺን ቃል አላት። በዚያ ሁሉ የባዕድ ንግግር መሀል እሳቸው የሚያውቁት አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ አክሊል። ስሙ በመጣ ቁጥር ዓይናቸው ይከደናል። መንገድ እንደሚጠቁሙት ሰው ራሳቸውን ዘንበል አድርገው እስከ መጨረሻው አዳመጡ።

«ድገምልኝ» አሉት።

ደገመላቸው። በአጥሩ ላይ ጎረቤቶች መታየት ጀምረዋል፤ የሚመጥጥ ከንፈር ግን አልነበረም። ወይዘሮ ደሳለች ነጠላቸውን ከራሳቸው አውርደው ወገባቸው ላይ አጥብቀው አሠሩ።

«እንደገና።»

ሦስተኛውን ጊዜ አብረውት አሉት። የማያውቁትን ቃል፣ አንድ በአንድ፣ የልጃቸውን ስም ቦታው ላይ እያስገቡ።